አጭር ልቦለድን መተንተን፦ ከመጀመሪያው ንባብ እስከ ጽሑፉ

አጭር ልቦለድ ተንትን የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ ዝርዝር ይዞ ይቀርባል። ጭብጡ ፍቅር ነው፤ መቼቱ ከተማ ነው፤ ዋናው ገጸ ባህርይ እገሌ ነው፤ የትረካ አንጻሩ ሦስተኛ መደብ ነው። ይህ የአላባዎቹን፣ ማለትም ልቦለዱ የተሠራባቸውን ክፍሎች፣ ስም መጥራት ነው እንጂ ትንተና አይደለም። ትንተና የሚጀምረው «ታዲያ በዚህ ምን ተገኘ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ደራሲው ታሪኩን በሌላ ሰው አንደበት ሊያስተርከው፣ ከሌላ ቦታ ሊጀምረው፣ ቀደም ብሎ ሊቆርጠው ይችል ነበር። ይህን መርጦ ያንን በመተዉ አንባቢው ላይ ምን አደረገ? ሥራው ሁሉ እያንዳንዱን አላባ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ማሳለፍ ነው።

ነገሩን በባዶ ሜዳ ላለማውራት፣ ለዚሁ ጽሑፍ ተብላ የተዘጋጀች አንዲት ቁራጭ እነሆ፦

«ደብዳቤው ከመጣ ሦስት ቀኑ ነው። አልማዝ በየጠዋቱ ጠረጴዛውን ስትወለውል ዙሪያውን ታጸዳለች እንጂ ከቦታው አታነሣውም። ዛሬ ልጇ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ፖስታውን አየና፣ ‹እማዬ፣ አሁንም አልከፈትሽውም?› አላት። ‹መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነው› አለችው። መነጽሩ ግንባሯ ላይ ነበር። ልጁ ቦርሳውን አስቀምጦ ወደ ውስጥ ገባ።»

ወደ እሷ ደጋግመን እንመለሳለን።

ሦስት ጊዜ ማንበብ

የመጀመሪያውን ንባብ እርሳስም እስክሪብቶም ሳይዙ በአንድ ቁጭታ ይጨርሱት። አጭር ልቦለድ የተሠራው እንዲህ እንዲነበብ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 በጻፈው ሂስ የዘርፉን ጉልበት ያያዘው በአንድ ቁጭታ ተነብቦ አንድ ወጥ ስሜት ከማሳደሩ ጋር ነበር፤ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት «ነጠላ ውጤት» ሲባል የሚሰማውም ይኸው ነው። ንባቡ እንዳለቀ ወደ ገጾቹ ሳይመለሱ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ የተሰማዎትን በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያም በአእምሮዎ የቀረውን አንድ ምስል ወይም አንድ ንግግር። ይህች ወረቀት አትጣል። መጨረሻውን አውቆ ያነበበ ሰው የመጀመሪያ ስሜቱን መልሶ አያገኘውም፤ ትንተናው ደግሞ በኋላ የሚያብራራው በአብዛኛው ይህንኑ ስሜት ነው።

ሁለተኛው ንባብ በእርሳስ ነው። ህዳጉ ላይ የሚያደርጓቸው ምልክቶች ከ4 ዓይነት አይለፉ፦ ጊዜ የዘለለበት ወይም ወደ ኋላ የተመለሰበት ቦታ፣ የተደጋገመ ቃል ወይም ዕቃ፣ አንድ ሰው ከሚጠበቀው ውጭ ያደረገው ወይም የተናገረው፣ እና ያልገባዎት ነገር። በቀለም ሁሉንም ማስመር ያምራል፤ ግን ገጹ በሙሉ ቢጫ ከሆነ ምንም አልተሰመረም ማለት ነው። ከ4ቱ ምልክቶች የበለጠ ፍሬ የሚሰጠው የጥያቄ ምልክቱ ነው። ብዙ ተማሪ ያልገባውን ይደብቃል፤ ጥሩ ትንተና ግን አዘውትሮ የሚወጣው «ይህች ዐረፍተ ነገር እዚህ ምን ትሠራለች?» ከተባለችው ቦታ ነው።

ሦስተኛው ንባብ አጭር ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አንቀጽ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ብቻ። መጀመሪያ ላይ የነበረ ዕቃ መጨረሻ ላይ የት ደረሰ? ማን ምን አወቀ? ማን ከክፍሉ ወጣ? በአጭር ልቦለድ ውስጥ ቦታ ውድ ስለሆነ በእነዚህ ሁለት አንቀጾች ላይ ያለ ነገር በአጋጣሚ የተቀመጠበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ታሪኩን መበተን፣ ሴራውን ማግኘት

በታሪኩ ውስጥ የተፈጸሙትን ድርጊቶች አንድ በአንድ በአጭር ዐረፍተ ነገር ይዘርዝሩ። ለአንድ አጭር ልቦለድ ከ8 እስከ 15 ድርጊት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ 30 ከደረሰ ጥቃቅኑን እየመዘገቡ ነው። ከዚያ ሁለት ቁጥር ይስጧቸው፤ በግራ በገጹ ላይ የመጡበትን ተራ፣ በቀኝ በእርግጥ የተፈጸሙበትን ተራ። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩበት ቦታ ሁሉ ምልሰት ወይም ዝላይ አለ፤ ምልሰቱ ለምን እዚያ እንደገባ መጠየቅ ነው። ከመጣበት ቦታ ሁለት አንቀጽ ቀደም ብሎ ቢገባ ኖሮ ልብ ሰቀላው ይተርፍ ነበር?

ድርጊቶቹ በምን እንደተያያዙም ይፈትሹ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ታሪክንና ሴራን የለየው በንጉሥና በንግሥት ሞት ነው፦ አንዱ ሞተ፣ ቀጥሎ ሌላዋ ሞተች ቢባል ታሪክ ነው፤ እሷ የሞተችው በሐዘኑ ምክንያት ነው ከተባለ ሴራ ሆነ። ይህን ወደ ተግባር ለመለወጥ በየሁለቱ ድርጊቶች መካከል «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» የሚለውን ያስገቡ። «ከዚያም» ብቻ የሚገባበት ቦታ ካለ፣ ወይ ምክንያቱ ተደብቋል ወይ ሴራው ላልቷል። የትኛው እንደሆነ ለመወሰን ድርጊቱን አውጥቶ ማየት ነው፤ ቢወጣም የሚቀጥለው ነገር እንዳለ ከቆመ ላልቷል።

ያልተተረከውም ይቆጠራል። በቁራጫችን ደብዳቤው የደረሰበት ቀን የለም፣ ላኪውም የለም። ትረካው የሚጀምረው በሦስተኛው ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ደብዳቤ አለመክፈት ምንም አይደለም፤ ሰው ሥራ ይበዛበታል። በሦስተኛው ቀን ግን ነገር ነው። መነሻውን ሁለት ቀን ወደፊት በመግፋት ብቻ ተራ ጉዳይ ወደ ግጭት ተለወጠ።

ስለ ጡዘት፣ ግጭቱ ጫፍ ስለሚደርስበት ነጥብ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ። በመማሪያ መጻሕፍት የሚታየው ወጥቶ የሚወርድ የሴራ ሥዕል የጀርመናዊው ደራሲ የጉስታቭ ፍሬይታግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1863 ያወጣው ባለ አምስት ክፍል ተውኔትን ለማስረዳት ነበር። አጭር ልቦለድ ብዙ ጊዜ መግቢያውን ይተዋል፣ ከጡዘቱ አጠገብ ይጀምራል፣ መፍትሔ ሳይሰጥም ያበቃል። ስለዚህ አምስቱን ክፍል ለመሙላት የሌለ «የግጭት መርገቢያ» አይፍጠሩ። ጡዘቱን ለማግኘት ጩኸቱ የበዛበትን ቦታ ትተው፣ ከዚያ በኋላ ሰውየው ወደነበረበት ሊመለስ የማይችልበትን ቅጽበት ይፈልጉ። አንዳንዴ አንዲት ዝምታ ሆና ትገኛለች።

ግጭቱን ሰው ከራሱ፣ ሰው ከሰው፣ ሰው ከማኅበረሰብ፣ ሰው ከተፈጥሮ ብሎ መመደብ ቀላል ነው፣ ብዙም አያስኬድም። የሚያስኬደው ጥያቄ መጨረሻው ላይ የተዘጋው የትኛው ነው የሚለው ነው። ላይ ላዩን የሚታየው ጠብ ተፈትቶ የውስጡ ክፍት ከቀረ፣ ደራሲው ክብደቱን የጣለው የት እንደሆነ ተናግሯል።

ገጸ ባህርይ፦ ቃሉና ሥራው ሲጣሉ

ለዋናው ገጸ ባህርይ አንድ ገጽ በአራት ዐምድ ይክፈሉ፦ የሚያደርገው፣ የሚናገረው፣ ሌሎች ስለ እሱ የሚሉት፣ ተራኪው ስለ እሱ የሚለው። ከገጽ ቁጥር ጋር ይሙሉት። ዐምዶቹ የሚስማሙበት ቦታ ብዙ አይነግርዎትም። የሚጣሉበት ቦታ ግን ወርቅ ነው፤ ሲጣሉም አብዛኛውን ጊዜ የሚታመነው ድርጊቱ ነው።

አልማዝን እንያት። አፏ «መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነው» ይላል። እጇ ግን በየጠዋቱ በደብዳቤው ዙሪያ ያጸዳል። «ታጸዳለች» የሚለው ግስ አንድ ጊዜ ያለፈ ነገር አያወራም፤ የሚደጋገም ልማድ ነው የሚያሳየው። ችላ ብላዋለች እንዳንል ችላ የተባለ ነገር አቧራ ይለብሳል፤ ደብዳቤው ግን ተጠብቆ ነው የተቀመጠው። ይህን ካየን በኋላ «አልማዝ ግዴለሽ ናት» ብሎ መጻፍ አይቻልም። «ፈሪ ናት» ማለትም ገና ጥሬ ነው። እንዲህ ያለ ቅጽል ከመጻፍዎ በፊት ከጎኑ አንድ ጥቅስ ማስቀመጥ ካልቻሉ ቅጽሉን ይሰርዙት።

ልጁንም አንርሳው። «አሁንም» ይላል። ይህች አንዲት ቃል ትናንትም ከትናንት ወዲያም ልብ ብሎ እንደነበር ትነግረናለች። መነጽሩ የእናቱ ግንባር ላይ ነው፣ ፊት ለፊቷ ቆሞ እያነጋገራት ነው፣ ግን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይገባል። ንዑስ ገጸ ባህርይ ማለት ትንሽ የሚሠራ ማለት አይደለም።

በአማርኛ በተጻፈ ልቦለድ ውስጥ ደግሞ እንደ ዛሬው እንግሊዝኛ ባለ ቋንቋ የማይገኝ ማስረጃ አለ፤ የአክብሮት አጠራሩ። ማን ማንን «አንተ»፣ ማንን «አንቺ»፣ ማንን «እርስዎ» እንደሚል ይመዝግቡ፤ በተለይ የሚለወጥበትን ቅጽበት። ባልና ሚስት በጠብ መሐል ድንገት «እርስዎ» ቢባባሉ ከስድብ የከፋ ነው። ተራኪውም ከዚህ ነጻ አይደለም። አንዱን ሽማግሌ «እሳቸው»፣ ሌላውን እኩያቸውን «እሱ» ብሎ ከተረከ ወገን ይዟል፤ ባለሥልጣኑን እስከ ገጽ 4 ድረስ «አሉ» ሲለው ቆይቶ ከዚያ በኋላ «አለ» ካለው ሰውየው በተራኪው ዓይን ወድቋል። ልቦለዱ ትርጉም ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ ይህ አጠራር በአብዛኛው የተርጓሚው ውሳኔ ስለሆነ ስለ ደራሲው ክርክር አይገነባበትም። የቃላት ጨዋታና የዐረፍተ ነገር ርዝመትም እንዲሁ።

ስለ ለውጥ አንድ ነገር ብቻ። «ገጸ ባህርይው ተለውጧል» ለማለት አይቸኩሉ። በጥቂት ገጽ ውስጥ ሰው እምብዛም አይለወጥም፤ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ እኛ ስለ እሱ የምናውቀው ነው። ሁለቱን አለመለየት ሙሉ ድርሰት ያበላሻል።

አንጻር፦ የሚያየው ማን ነው?

ከአላባዎቹ ሁሉ ብዙ የሚያወጣው፣ ግን «ሦስተኛ መደብ» ተብሎ በአንድ መስመር የሚታለፈው ይህ ነው።

በመጀመሪያ ተራኪው ደራሲው አይደለም። «እኔ» ብሎ የሚተርክም ቢሆን ደራሲው የፈጠረው ድምፅ ነው፤ «ደራሲው እናቱን ይጠላ ነበር» ብሎ ከትረካው መነሣት ስሕተት ነው። ቀጥሎ ማን እንደሚናገርና ማን እንደሚያይ ይለዩ። በሦስተኛ መደብ የሚናገረው ድምፅ የውጭ ሰው ሆኖ፣ ዓለሙን የምናየው ግን በአንድ ሕፃን ዓይን ሊሆን ይችላል፤ ጎልማሶቹ ሁሉ ከጉልበታቸው ጀምሮ ከተገለጹ ያ ዓይን የማን እንደሆነ ታውቋል።

የተራኪውን የእውቀት ወሰን ለመለካት ቀላል ፈተና አለ። የውስጥን ነገር የሚናገሩ ግሶችን ሁሉ ያክብቡ፦ አሰበ፣ ፈራ፣ ተመኘ፣ ትዝ አለው፣ ተጠራጠረ። ከእያንዳንዱ አጠገብ የማን ውስጥ እንደሆነ ይጻፉ። ሁሉም የአንድ ሰው ከሆኑ ተራኪው ውስን ነው። የብዙ ሰው ከሆኑ ሁሉን አወቅ ነው። አንድም ከሌለ ታዛቢ ነው፤ ካሜራ የሚያየውን ብቻ ያያል። አንድ ወጥ ሆኖ ቆይቶ በመሐል አንዴ ብቻ ወደ ሌላ ሰው ውስጥ ከገባ፣ ያቺ ቦታ ወይ የደራሲው ስሕተት ናት ወይ የልቦለዱ ቁልፍ።

በቁራጫችን ይህን ብናደርግ አንድም ክብ አይወጣም። ፈራች አልተባለም፣ ዋሸች አልተባለም። «መነጽሩ ግንባሯ ላይ ነበር» የሚለው የዕቃ አቀማመጥ ብቻ ነው የሚዘግበው፤ ውሸቱን የምናገኘው ዕቃውንና ንግግሩን እኛው ስናጋጥማቸው ነው። አሁን ወደ አንደኛ መደብ እንለውጠው፦ «መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነው አልኩት። መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር።» ድርጊቱ አልተለወጠም፣ ነገሩ ግን ሌላ ሆነ። እሷ ራሷ ነገረችን፤ ኑዛዜ ሆነ፣ ወይም በራሷ ላይ መሳቅ። አንባቢው ደርሶ ያገኘው የነበረውን ተቀበለ። እንዲህ ሁለትና ሦስት ዐረፍተ ነገር ወደ ሌላ አንጻር ገልብጦ ማየት 10 ደቂቃ አይፈጅም፤ የጠፋውን ሲያዩ ምርጫው ምን እንደሠራ ያውቃሉ። በማናቸውም አላባ ላይ ከሚደረጉት ፈተናዎች ይህን የሚያህል የለም።

የማይታመን ተራኪ የሚባለው አሜሪካዊው ሐያሲ ዌይን ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1961 ስም የሰጠው ነው። ማስረጃው የተራኪው ቃል እርስ በርሱ መጋጨቱ፣ ሳይጠየቅ ራሱን ደጋግሞ ማስረዳቱ፣ ወይም ሌሎች ሰዎች ለእሱ የሚሰጡት ምላሽ እሱ ከሚለው ጋር አለመግጠሙ ነው። ባሕርይው ስላላማረን ብቻ የማይታመን አንለውም፤ ክፉ ሰው እውነት ሊናገር ይችላል።

መቼትን በአንድ ፈተና ማለፍ ይቻላል። ቦታውን ወይም ጊዜውን ለውጠው ታሪኩ ምንም ካልጎደለበት መቼቱ ጌጥ ነው፤ ሁለት መስመር ይበቃዋል። ከተናደ ግን ያ የተናደው ክፍል ነው የሚጻፈው። ጊዜ ሲባል ዓመተ ምሕረት ብቻ አይምሰልዎ፤ በቁራጫችን የሚሠራው ጊዜ «ሦስት ቀን» እና «በየጠዋቱ» ነው።

ትእምርትና ምጸት

እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰነፉ ሳይሆን ትጉው አንባቢ ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ወርቅ ይቆፍራል፤ ዝናብ የዘነበው እንዲሁ ወቅቱ ሆኖ ሊሆን እንደሚችል ይረሳል። አንድን ዕቃ ትእምርት፣ ማለትም ከራሱ አልፎ ሌላ ነገር የሚወክል፣ ከማለትዎ በፊት ሦስት ነገር ያረጋግጡ። በመጀመሪያ ዕቃው በታሪኩ ውስጥ ተራ አገልግሎቱን ይሰጣል፤ በሩ በር ነው፣ ይከፈታል። ሁለተኛ ተደጋግሟል፣ ወይም ርዕስ ላይ፣ መነሻው ላይ፣ መድረሻው ላይ ተቀምጧል። ሦስተኛ ከአንዱ መምጣት ወደ ሌላው ትርጉሙ ጨምሯል ወይም ተለውጧል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ካሟላ የማይረሳ ዝርዝር እንበለው፤ እሱም ክብር ነው። «ነጭ ንጽሕና ነው፣ ጥቁር ሐዘን ነው» ዓይነት ቋሚ መዝገብ ደግሞ ከልቦለዱ ውጭ የመጣ ነው፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ያ ታሪክ ራሱ መሆን አለበት።

ምጸትን ሲጠቅሱ የትኛው እንደሆነ ይለዩ፦ ተናጋሪው በአፉ ከሚለው ተቃራኒውን ማሰቡ፣ ሁኔታው ከተጠበቀው ተቃራኒ ሆኖ መድረሱ፣ ወይም ገጸ ባህርይው የማያውቀውን አንባቢው ማወቁ። በሦስተኛው ላይ ሁልጊዜ «ሌላስ ማን ያውቃል?» ብለው ይጨምሩ። መነጽሩን የምናየው እኛ ብቻ ብንሆን አልማዝ ላይ ፈገግ ብለን እናልፍ ነበር። ልጁም እያየ ዝም ማለቱ ግን ፈገግታውን ያቀዘቅዘዋል።

ጭብጥ የመጨረሻ ሥራ ነው

ብዙ ሰው ከዚህ ይጀምርና ሌላውን ሁሉ ለዚህ ያጣምማል። ጭብጥ በአንድ ቃል አይገለጽም። «ፍርሃት» ርእሰ ጉዳይ ነው፤ ጭብጥ የሚሆነው ስለ ፍርሃት ምን ተባለ የሚለው በሙሉ ዐረፍተ ነገር ሲወጣ ነው። ተረትና ምሳሌም አይሆንም፤ ምሳሌያዊ አነጋገር ከመቶ ልቦለድ ጋር ይገጥማል፣ ለዚህኛው ግን አልተሰፋም።

በቁራጫችን እንሞክር። «ሰው ክፉ ዜናን ባለማየት ሊያስቀረው ይሞክራል።» ያስኬዳል? ደብዳቤው ክፉ ዜና መያዙ የት ተጻፈ? የትም። እኛ ነን የጨመርነው። የናፈቀችው ሰው መልስ ሊሆን ይችላል፤ ተስፋም ያስፈራል። እንደገና፦ «ሰው ማወቅን ሲፈራ፣ አለማወቁን እየተንከባከበ ያቆየዋል፤ አጠገቡ ያለውም ሰው በዝምታ ያግዘዋል።» ይህኛው ማጽዳቱንም፣ ውሸቱንም፣ የልጁን መግባትም ያቅፋል። የጭብጥ ዐረፍተ ነገርዎን የሚፈትኑት እንዲህ ነው፤ የማይገጥምለትን ዝርዝር ፈልገው ያቅርቡለት። አንድ ጠቃሚ ዝርዝር ውጭ ከቀረ የሚስተካከለው ዐረፍተ ነገሩ ነው፣ ዝርዝሩ አይደለም።

ወደ ጽሑፍ ሲመጣ

ማስታወሻው ውስጥ ያለውን ሁሉ አይጻፉ። ለ3 ወይም ለ4 ገጽ ትንተና 2 አላባ ይበቃል፤ ቢበዛ 3። የሚመረጡት እርስ በርስ የሚደጋገፉት ናቸው፤ ለምሳሌ አንጻርና ምጸት። መነሻ ሐሳብዎ ሁለት ነገር ይያዝ፦ ደራሲው ምን እንዳደረገና በዚያ ምን እንደተገኘ። የታሪኩ ማጠቃለያ ከ3 ዐረፍተ ነገር አይለፍ፤ አንባቢዎ ልቦለዱን አንብቧል ብለው ይነሡ። ትንተና ወደ ታሪክ ድጋሚ ትረካ የሚንሸራተተው አንቀጾች በ«ከዚያም» እና በ«በመቀጠል» ሲጀምሩ ነው። አንቀጽ በድርጊት ሳይሆን በአስተያየት ይጀምር።

ጥቅሱ አጭር ይሁን፣ ከ1 ወይም ከ2 ዐረፍተ ነገር አይብለጥ፤ ማብራሪያው ቢያንስ የጥቅሱን እጥፍ ይሁን። ለምሳሌ፦

«ተራኪው የአልማዝን ስሜት አንድም ጊዜ አይሰይምም። ‹መነጽሩ ግንባሯ ላይ ነበር› ሲል የሚዘግበው ከውጭ የሚታየውን ብቻ ነው፤ ‹ዋሸች› የሚለውን ፍርድ ለአንባቢው ትቶታል። ልጁም ያንኑ መነጽር እያየ ስለሚያልፍ፣ አንባቢውና ልጁ አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አይናገሩም።»

ደካማው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦ «ደራሲው በሚያስደንቅ ሁኔታ የገጸ ባህርይዋን ውስጣዊ ስሜት በተዋጣለት አገላለጽ አሳይቷል።» የቱን ስሜት? በየትኛው ቃል? እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር በየትኛውም ልቦለድ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ረቂቁን ሲያርሙ እርሳስ ይዘው ይሂዱና የልቦለዱን ርዕስ ቢቀይሩትም እውነት ሆኖ የሚቀረውን ዐረፍተ ነገር ሁሉ ይሰርዙ። የጽሑፉ ሲሶ ሊሄድ ይችላል። በቦታው ሌላ ሙገሳ ከመሙላት ወደ ህዳጉ የጥያቄ ምልክቶች ይመለሱ፤ እስካሁን ያልተመለሰ አንድ እዚያ ይኖራል።